«ጅምላ ነን» የሚሉት ሁሉ

ቴሌግራም ክፈቱና «ጅምላ» ብላችሁ ፈልጉ። ጫማ በጅምላ፣ ኮስሞቲክስ በጅምላ፣ የስልክ ከቨር በጅምላ፣ የሕፃናት ልብስ በጅምላ፤ ጣታችሁ እስኪደክም ብትወርዱ አያልቅም። ሁሉም «መርካቶ ነን» ይላል። ሁሉም «ወደ ክፍለ ሀገር እንልካለን» ይላል። ዋጋ ግን የሚጽፍ የለም፤ መልሱ «ኢንቦክስ» ነው። ከእነዚህ ሁሉ ውስጥ እቃውን በእጁ የያዘው ስንቱ ነው? ይህን መጠየቅ የነበረብኝ በመስከረም 2017 ነበር። የጠየቅኩት ግን 16,200 ብር ካወጣሁ በኋላ ነው።

የምኖረው ወልድያ ነው። ኢኮኖሚክስ ተምሬ ተመርቄያለሁ፤ ሲቪዬን ያላስገባሁበት ቢሮ የለም ማለት ይቻላል። አሁን በአንድ በኩል እጽፋለሁ፣ በሌላ በኩል የሴት ጫማ በቴሌግራምና በቲክቶክ እሸጣለሁ። ሱቄ ስልኬ ነው፣ መጋዘኔ ደግሞ አልጋዬ ሥር። ደንበኞቼ ከተማው ውስጥ ያሉ የባንክና የሆስፒታል ሠራተኞች፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ ከዚያም ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ ሲሪንቃና መርሳ ያሉ ሴቶች ናቸው። መነሻ ገንዘቤ እናቴ እቁብ ሲደርሳት ያወጣችልኝ 20,000 ብር ነበር። «አበደርኩሽ እንጂ አልሰጠሁሽም» ብላኛለች። ቀልድ መስሎኝ ነበር።

የመጀመሪያውን አቅራቢ ያገኘሁት እንደ ሁላችንም ነው፤ ቻናል ላይ። ብዙ ተከታይ አለው፣ ፎቶዎቹ ያምራሉ፣ መልስ ይመልሳል። ጠፍጣፋ የሴት ጫማ፣ አንዱ ጥንድ 650 ብር፣ ትንሹ ትዕዛዝ ሁለት ደርዘን። «ቀብድ ልላክና ሲደርሰኝ ልጨርስ?» አልኩት። «እህቴ፣ እኛ የምንሠራው ሙሉ ክፍያ ነው፤ ጅምላ እኮ ነው» አለኝ። «ጅምላ እኮ ነው» የሚለው ነገር እንደ ሕግ አንቀጽ ሆኖ ተሰማኝና 15,600 ብር በቴሌብር ላክሁ። ለጭነት 600 ብር ጨመርኩ። ይኸው 16,200።

ጫማው መጣ። አልተካድኩም፤ ብካድ ኖሮ ታሪኩ አጭር ይሆን ነበር። 24 ጥንድ ነው የመጣው። ግን አራቱ ሶላቸው ገና ከካርቶን ሲወጡ ይላቀቃል። ስድስቱ 41 ቁጥር ናቸው፤ ወልድያ ውስጥ 41 ቁጥር የሴት ጫማ የሚጠይቀኝ ሰው በወር አንድ ቢገኝ ነው። ደውዬ ስነግረው «ካርቶን እንዲህ ነው የሚመጣው» አለኝ። በሁለተኛው ቀን ስልክ አያነሳም። በሦስተኛው ብሎክ።

አሥራ አራቱን በ900 ብር ሸጥኩ፤ 12,600 ብር። ትልልቆቹን ስድስት ቅናሽ ብዬ በ600 አወጣኋቸው፤ 3,600 ብር። ደምሩት። 16,200። ትርፍና ኪሳራን ክፍል ውስጥ ብዙ ጊዜ ሠርቻለሁ፣ እንደዚህ ልክ ዜሮ የወጣልኝ ግን አላጋጠመኝም። ኧረ ዜሮም አይደለም። ለሃያ ማድረሻ ባጃጅ 50 ብር ስትቆጥሩት 1,000 ብር ከእኔ ወጥቷል። አምስት ሳምንትም አለ። የላላቀቁት አራቱ ጥንዶች እስካሁን ቤት ናቸው፤ እናቴ አንዱን በማጣበቂያ አያይዛ ጓሮ ትረግጥበታለች።

ፎቶው የማን ነው?

ከዚያ በኋላ ነው ቁጭ ብዬ መመርመር የጀመርኩት። ያንን የጫማ ፎቶ ጉግል ሌንስ ውስጥ ከተትኩት። አንድ የቻይና መሸጫ ድረ ገጽ ላይ ወጣ። ከዚያ እዚሁ እኛው አገር ቴሌግራም ላይ ያንኑ ፎቶ፣ ያንኑ ጥላ፣ ያንኑ ምንጣፍ በስድስት ቻናል አገኘሁት፤ ዋጋው ግን ስድስት ዓይነት ነው። ለየብቻ ጻፍኩላቸው። «እቃው ቤት አለ?» ስላቸው ሁሉም «አለ» አሉ። «ስሜን በወረቀት ጻፉና ጫማው ላይ አስቀምጣችሁ አጭር ቪዲዮ ላኩልኝ» ስላቸው አንዱ ብቻ ላከ። አንዱ «ነገ» አለ። ሌሎቹ ዝም።

ነገሩ እንዲህ ነው የሚሠራው። አንድ ሰው መርካቶ ሱቅ አለው። አንድ ልጅ ከእሱ ፎቶ ይወስድና ላዩ ላይ ጨምሮ ይለጥፋል። ሌላ ልጅ ደግሞ ከዚያ ቻናል ወስዶ ይጨምራል። ሁሉም «ጅምላ» ይላሉ፤ አንዳቸውም ጫማውን አይተውት አያውቁም። ትዕዛዝ ሲመጣ ብሩን ተቀብለው፣ ትርፋቸውን ቆርጠው፣ ወደ ላይ ይልካሉ። ይህ በራሱ ወንጀል አይደለም፤ እኔም የምሠራው እኮ መልሶ መሸጥ ነው። ችግሩ ጫማው ሲበላሽ ሰንሰለቱ ውስጥ የሚጠየቅ ሰው አለመኖሩ ነው። እኔን ብሎክ ያደረገኝ ልጅ ምናልባት እሱንም ብሎክ ያደረገው ሰው ይኖራል።

ጆርጅ አከርሎፍ የተባለው አሜሪካዊ ኢኮኖሚስት በ1970 እ.ኤ.አ. ያወጣት አጭር ጥናት አለች፤ በኋላ በ2001 ኖቤል ካስገኙለት ሥራዎች ዋናዋ ናት። ስለ አሮጌ መኪና ገበያ ነው የምታወራው። አሜሪካኖች ብልሽቱን የደበቀ መኪና «ሎሚ» ይሉታል። ሻጩ ሎሚ መሆኑን ያውቃል፣ ገዢው አያውቅም፤ ስለዚህ ገዢው ለሁሉም መኪና የሎሚ ዋጋ መስጠት ይጀምራል፣ ጥሩ መኪና ያለው ሰው ደግሞ በዚህ ዋጋ አልሸጥም ብሎ ከገበያ ይወጣል። መጨረሻ ላይ የሚቀረው ሎሚ ብቻ ነው። ለፈተና ሸምድጄዋለሁ። የገባኝ ግን ሶሉ የተላቀቀ ጫማ ይዤ አልጋዬ ላይ ስቀመጥ ነው። በፎቶ ብቻ የሚገዛበት ገበያ ላይ ጥሩ እቃ ያለው ነጋዴ ለምን ይልፋ? እሱ ሱቁ ድረስ የሚመጣ ደንበኛ አለው።

ስለዚህ ሱቁ ድረስ መሄድ አለብኝ አልኩ።

መርካቶ፣ በጥር

ከወልድያ አዲስ አበባ 520 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ኮልፌ አክስቴ ጋ አደርኩና በማግስቱ ጠዋት መርካቶ ገባሁ። መርካቶን የማያውቅ አንባቢ ካለ፣ ቦታው አንድ ገበያ አይደለም። በጣልያን ወረራ ዘመን የአገሬው ሰው ገበያ ከፒያሳ በኩል ተነስቶ ወደዚያ ከተዛወረ ወዲህ እየሰፋ የሄደ፣ እያንዳንዱ እቃ የራሱ ተራ ያለው ከተማ ነው፤ ቦምብ ተራ፣ ዱባይ ተራ፣ ምናለሽ ተራ፣ ሸማ ተራ። የእኔ ጫማ ያለበትን ተራ ለማግኘት ብቻ ግማሽ ቀን ፈጅቶብኛል።

አገኘሁት። ያው ጫማ፣ ያው ቀለም፣ ያው ካርቶን። ባለሱቁ ቀና ብሎ ሳያየኝ «ስንት ካርቶን?» አለ። «አንድ ደርዘን» ስል ወደ ስልኩ ተመለሰ። ሰውየው ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ ጎኑ ከጅማ የመጣ ነጋዴ ሃያ ካርቶን እያስቆጠረ ነበር። ሦስት ደርዘን ስል ዋጋ ነገረኝ። 430 ብር።

እዚያው ቆሜ አሰላሁ። ቴሌግራሙ ልጅ ከእያንዳንዱ ጥንድ 220 ብር ወስዷል። በ24 ጥንድ 5,280 ብር። እና የእሱ ድርሻ ፎቶ ማስተላለፍ ነበር። ንዴቴን ዋጥ አድርጌ 36 ጥንድ ገዛሁ።

«በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?» የሚል ጥያቄ ከአንድ ሌላ ሱቅ ሰምቻለሁ፤ ዋጋውም እንደ መልሱ ይለያያል። ይህ ጊዜ እኮ ከኅዳሩ ግርግር ሁለት ወር በኋላ ነው። በኅዳር 2017 የከተማው ገቢዎች ቢሮ ያለ ደረሰኝ የሚደረገውን ግብይት ለመቆጣጠር ሰው ሲያሰማራ፣ እቃ ሊወረስ ነው የሚል ወሬ ተነስቶ ብዙ የመርካቶ ሱቆች ተዘግተው እንደነበር ታስታውሳላችሁ፤ ቢሮው ወሬውን አስተባብሏል። ደረሰኝ ያልቆረጠ ነጋዴ 100,000 ብር ይቀጣል የሚለውም ያኔ በየዜናው ነበር። ትንሽ ሻጭ ለሆንነው ያለ ደረሰኝ መግዛት ርካሽ ይመስላል። ነገር ግን ንግድ ፈቃድ ስታወጡ ወጪያችሁን የምታሳዩበት ወረቀት አይኖራችሁም፤ መንገድ ላይ «ይህ እቃ ከየት ነው?» ስትባሉም የምታሳዩት የለም። እኔ በደረሰኝ ነው የገዛሁት። ጀግና ስለሆንኩ አይደለም፣ 520 ኪሎ ሜትር መንገድ ላይ ስንት ፍተሻ እንዳለ ስለማውቅ ነው።

ወልድያ ተመልሼ ድል ያደረግሁ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ደብተሬን አወጣሁ። አውቶቡስ ደርሶ መልስ፣ ታክሲና ምግብ፤ 3,400 ብር። ወዛደርና ጭነት በጥንድ 30 ብር። እነዚህን ለ36 ሳካፍላቸው ጫማው 430 ሳይሆን 554 ብር ገደማ ሆኖ ነው ቤቴ የገባው። ሦስት ቀን ቴሌግራሜ ዝም ብሏል። ካርቶኑ እንደገና ከ36 እስከ 41 የተደባለቀ ስለሆነ፣ ሰባት ጥንድ እስከ ፋሲካ አልጋዬ ሥር ከርመዋል።

554 ከ650 ይሻላል፣ ልክ ነው። ግን በየወሩ እንዲህ መመላለስ አልችልም።

ካርቶን ማንበብ

አሁን የምነግራችሁ ነገር ከዩኒቨርሲቲ የተማርኩት አይደለም። ጎንደር በር አካባቢ ከአንድ ጫማ ቤት ፊት ለፊት ባጃጅ እየጠበቅሁ ሳለ የተጣለ ባዶ ካርቶን አየሁ። ላዩ ላይ በማርከር የተቀባዩ ስም፣ «ወልድያ» የሚል፣ ከሥሩ ደግሞ የላኪው ስምና ስልክ። ቀጥሎ ያለውም እንደዚያው። ሦስተኛውም። ሁለት ሳምንት ሙሉ በከተማው ስዞር የተጣለ ካርቶንና ማዳበሪያ እያነበብኩ ነበር። ጓደኞቼ ጤንነቴን ተጠራጥረዋል።

ያኔ ያስተዋልኩት፣ የወልድያ ጫማ ቤቶች ካርቶን ሁሉ ከአዲስ አበባ አይመጣም። ደጋግሞ የሚመጣው አንድ የደሴ ስልክ ነበር። ደሴ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጠዋት ወጥቶ ማታ መግባት ይቻላል።

ለማረጋገጥ መናኸሪያ ሄድኩ። የደሴ ሚኒባስ ረዳቶች የሚያውቁትን ያህል የከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት የሚያውቅ አይመስለኝም። ማን ለማን ምን እንደሚልክ፣ ማን ቶሎ እንደሚከፍል፣ የማን እቃ ተመላሽ እንደሚበዛበት ሁሉ በቃላቸው ነው። አንዱ ረዳት ስልኩን ሳሳየው «እሳቸው ጋ ነው? ሃጂ እኮ ናቸው። ሂጂ፣ ግን ዋጋ አትከራከሪያቸው፣ አይወዱም» አለኝ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላንሳ። ደላላ ስንሰማ ሁላችንም ፊታችን ይጠቁራል፤ በመሀል ገብቶ የሚበላ ሰው ነው የሚመስለን። ዶክተር እሌኒ ገብረ መድኅን በ2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውን የኢትዮጵያ ምርት ገበያን ከመምራቷ በፊት፣ ለዓመታት ያጠናችው የእህል ገበያችንን ነበር። ጥናቷ ደላላውን በሌላ ዓይን ነው ያየው። ሩቅ አገር ካለ ከማያውቀው ሰው ጋር የሚገበያይ ነጋዴ ራሱ ልፈልግ ቢል ጊዜውና ገንዘቡ ታስሮ ይቀራል፤ ደላላው ይህን የመፈለጊያ ወጪ ይቀንስለታል፣ ለማያውቀውም ሰው እንደ ዋስ ይሆነዋል። እንግዲህ የእኔ ረዳት ለሃያ ብር ሻይ የሠራልኝ ሥራ ይኸው ነው። ቴሌግራሙ ልጅ 5,280 ብር ወስዶ ያልሠራልኝም ይኸው ነው።

በማግስቱ ወደ ደሴ ወጣሁ። ሲሪንቃ፣ መርሳ፣ ውርጌሳ፣ ውጫሌ። ውጫሌ ስንደርስ ሳልወድ ሳቅሁ። በ1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል 17ኛው አንቀጽ በአማርኛው «ይችላሉ»፣ በጣልያንኛው ግን ግዴታ ነበር አይደል? እኔና የቴሌግራሙ ልጅም «ጅምላ» የሚለውን አንድ ቃል ይዘን ሁለት የተለያየ ውል ነበር የተዋዋልነው።

ሃጂ ሱቃቸው ጠባብ ናት፤ ከኋላ ግን መጋዘን አላት። ሰላምታ ሰጥቼ ከወልድያ መምጣቴን፣ በስልክ እንደምሸጥ ነገርኳቸው።

«ሱቅ የለሽም?»

«የለኝም ሃጂ።»

«በሳምንት ስንት ጥንድ ትሸጫለሽ?»

አሥራ አምስት ልል ነበር። አፌ ላይ ደርሶ «ስድስት፣ ሰባት» አልኩ፤ እውነቱ እሱ ነው።

«እንግዲያው ሁለት ደርዘን ምን ያደርግልሻል?» አሉኝና ለልጃቸው ስምንት ጥንድ እንዲያወጣ ነገሩት፤ ሁለት 37፣ አራት 38፣ ሁለት 39። «ይህን ሸጠሽ ነይ። ካልተለበሰና ካርቶኑ ካልተቀደደ በሁለት ሳምንት ውስጥ ቁጥር እቀይርልሻለሁ። የተላቀቀ ካለ ፎቶውን ለልጁ ላኪለት።»

የዓለም ጅምላ ሻጭ ሁሉ «ትንሹ ትዕዛዝ ይህን ያህል ነው» ሲል፣ እኚህ ሰው «ትልቁ ይህን ያህል ነው» አሉኝ። ዋጋው 530 ብር ነበር። ሦስተኛ ጊዜ ስሄድ 500 አሉት። አሁን አልሄድም፤ እደውላለሁ፣ ብሩን በቴሌብር እልካለሁ፣ ማዳበሪያው በሚኒባስ ይመጣል። ለ24 ጥንድ ጭነቱ 300 ብር ነው። ቤቴ ሲገባ 512 ብር ከ50።

አስተውሉ፤ ሃጂ ራሳቸው የሚያመጡት ከመርካቶ ነው። በላዩ ላይ 70 ብር ይጨምራሉ። ሆኖም ለእኔ ከመርካቶ ይልቅ እሳቸው ይረክሳሉ። ሒሳቡን ሠርቼዋለሁ፤ መርካቶ ሄጄ የሚያዋጣኝ በአንድ ጊዜ 65 ጥንድና ከዚያ በላይ ስገዛ ነው። ለዚያ መንገዱን ጨምሮ 33,300 ብር በእጄ መኖር አለበት። የለኝም። ቲክቶክ ላይ «ምንጩ ጋ ሂዱ፣ ደላላ አታብሉ» የሚሉ ወንድሞች ይህቺን ሒሳብ አይነግሯችሁም። ምንጩ ለማን ነው ምንጭ? ለእኔ ምንጩ ደሴ ነው። መርሳ ላለች፣ በወር አራት ጥንድ ለምትሸጥ ልጅ ደግሞ ምንጯ እኔ ልሆን እችላለሁ።

ስለ መርሳ ካነሳን፣ እዚያ ኮስሞቲክስ የምትሸጥ ጓደኛ አለችኝ፤ ከእኔ ቀድማ የጀመረች። በነሐሴ 2015 የሞባይል ዳታ ሲቋረጥ ቻናሏ በአንድ ቀን ጨለመ። ዳታው ለወራት አልተመለሰም። ብዙ ሻጮች በዚያው ጠፉ። እሷ ግን የደንበኞቿንም የአቅራቢዋንም ስልክ ደብተር ላይ ትጽፍ ነበርና በድምፅ እየደወለች፣ በ*127# ብር እየላከች ቀጠለች። «ፎቶ ሳትልኪ እንዴት ይገዙሻል?» ስላት፣ «የሚገዙኝ እኮ ፎቶውን አምነው አልነበረም» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ አቅራቢ ስመርጥ የመጀመሪያው ጥያቄዬ ኔትወርክ ቢጠፋ በመደበኛ ጥሪ የሚያነሳ ስልክ አለው ወይ የሚል ነው። የምንኖረው የት እንደሆነ እናውቃለን።

«አሊባባ ለምን አትሞክሪም?» የሚሉኝ አሉ። ሞክሬ ዋጋ ጠይቄያለሁ። ዶላሩን፣ በኪሎ የሚከፈለውን ጭነት፣ ቀረጡን ስደምር ለእኔ ዓይነት ካፒታል ገና ነው። ጓንጁና ይዉ ድረስ ሄደው በብዛት የሚያመጡት ነጋዴዎች ያሉት ለዚህ ነው፤ በዚያ ሰንሰለት መጨረሻ ላይ መቆም አያሳፍርም። «በአፋር በኩል ቦንዳ ሰልባጅ ላምጣልሽ፣ ትርፉ እጥፍ ነው» ያለኝም አለ። ልባሽ ጨርቅ ማስገባት ክልክል ነው፤ ኬላ ላይ ሲያዝ የሚወረሰው የእናቴ እቁብ ነው። አልፈዋለሁ።

ዋጋን በተመለከተ ደግሞ አንድ ጠባሳ አለኝ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በጥቂት ሳምንታት 100 ብርን ተሻግሯል። የገባ ጫማ ሁሉ ከዚያ ወዲህ ዋጋው እንደ ሰዓት ነው። አንድ ጊዜ በአሮጌ ዋጋ ፖስት አድርጌ አምስት ሴቶች አዘዙኝ፤ ስደውል ጨምሯል። አምስቱንም ባልኩት ዋጋ ሰጠኋቸው፣ ከኪሴ ጨምሬ። አሁን ጠዋት ሳልደውል ዋጋ አልለጥፍም።

ሃጂን ብቻ ይዤ ደግሞ አልተኛሁም። በጥቅምት 2017 ሸማ ተራ በሌሊት ሲቃጠል የስንት ሰው እቃ፣ ከእነሱም ሥር የስንት ቸርቻሪ ትዕዛዝ አብሮ እንደነደደ አስቡት። ስለዚህ መርካቶ ያገኘሁትን ሰው በወር አንዴ እደውልለታለሁ፤ አዲስ አበባ የሚሠራ የቆዳ ሰንደል የምታቀርብልኝ አንዲት ሴትም ይዣለሁ። እሷ ጋ ቀብድ ግማሽ ነው፣ ግማሹ እቃው ሲደርስ። የመጀመሪያዋ ልጅ ናት እንዲህ የተስማማችልኝ።

በሚያዝያ ወር ለፋሲካ ብዙ ትዕዛዝ መጥቶ ብር አጠረኝ። ሃጂ ጋ ደውዬ እያፈርኩ ነገርኳቸው። «አብሽሪ፣ ውሰጂ» አሉኝ፤ የ6,000 ብር እቃ በዱቤ፣ ያለ ፊርማ። ሳደርስላቸው ለምን እንዳመኑኝ ጠየቅኋቸው። ጦርነቱ ደሴ ሲገባ መጋዘናቸው ባዶ እንደቀረ፣ ያኔ በዱቤ እቃ የወሰዱ የወልድያና የመርሳ ነጋዴዎች ሱቃቸው እንደተዘረፈ ነገሩኝ። ሁሉም ከተረጋጋ በኋላ እነዚያ ሰዎች ራሳቸው ባዶ እጃቸውን ሆነው እየመጡ በጥቂት በጥቂት ከፍለዋቸዋል።

«ሦስት ብቻ ቀሩ» አሉ። «አንዱ ሞቶ ነው።»

ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞረው 38 ቁጥር እንዲቆጥር አዘዙት።

ለእናቴ እስካሁን 12,000 ብር መልሻለሁ። ቀሪው 8,000 ነው፤ ደብተር ላይ ጽፋዋለች፣ በየእሑዱ ታነበዋለች።

ብዙዎቻችሁ ይህን ስታነቡ የደሴውን ስልክ እንደምትጠይቁኝ አውቃለሁ። አትጠይቁኝ። ትናንት 24 ጥንድ ደርሶኛል፤ ካርቶኑ ላይ በማርከር የእኔ ስም ተጽፎበታል፣ ከሥሩ የእሳቸው ስልክ። ባዶውን ደጅ ከማውጣቴ በፊት ያንን ጎን ቀድጄ አስቀርቼዋለሁ።